ባንድ ለማየት ድንበር መሻገር፦ ቡዳፔስት 1986

ፍሬዲ መርኩሪ መዳፉ ላይ የጻፈውን ሰረቅ እያደረገ እያየ በሀንጋሪኛ ሲዘፍን የሚታይበትን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቦታው ቡዳፔስት ነው፤ ኔፕሽታዲዮን፣ የሕዝብ ስታዲየም ማለት ነው። ቀኑ ጁላይ 27 ቀን 1986፣ በእኛ ሐምሌ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.። (ከዚህ በኋላ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር ዘመኑን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።) ቪዲዮውን የሚያጋራው ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍሬዲ ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ ስለቆመው ሕዝብ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከሌላ ሀገር ስለመጣው።

80,000 ገደማ ሰው ነበር ይባላል። አብዛኛው ሀንጋሪያዊ ነው። ከመካከሉ ግን ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከቼኮስሎቫኪያ፣ ከፖላንድ ጓደኛ ከጓደኛ ተጠራርቶ፣ በባቡር፣ በመኪና፣ አንዳንዱም ሊፍት እየለመነ የመጣ ወጣት ነበረበት። ዛሬ ብር ያለው ሰው የሚወደውን ባንድ ለማየት ሌላ ሀገር መሄድ ሲፈልግ ትኬት ይገዛል፣ ቪዛ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ለእነዚያ ልጆች ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የት ድረስ መሄድ እንደሚፈቀድላቸው፣ በምን ወረቀት፣ በስንት ገንዘብ፣ ከማን ጋር፣ ሁሉም በመንግሥት የተለካ ነበር። ስለዚህ ያ ጉዞ የሙዚቃ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የድንበርም ታሪክ ነው።

በደርግ ዘመን ፓስፖርት ያዝኩ ብሎ ዝም ብሎ መሄድ እንደማይቻል፣ የመውጫ ቪዛ የሚባል ነገር እንደነበረ የምታስታውሱ ቶሎ ይገባችኋል። የምሥራቅ ጀርመን ወጣትም ዕጣው ያው ነበር። ወደ ምዕራብ መሄድ ይበልጥ የሚቀለው ለጡረተኛ ነው፤ ከ1964 ጀምሮ አረጋውያን ምዕራብ ያሉ ዘመዶቻቸውን እንዲጠይቁ ይፈቀድላቸው ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌው ሄዶ ቢቀር መንግሥት የጡረታ አበል ይተርፈዋል እንጂ ሠራተኛ አይጎድልበትም። የ20 ዓመቱ ልጅ ግን ቢቀር ኪሳራ ነው። ስለዚህ ለድሬስደን ልጅ ሎንዶን በሬዲዮ የሚሰማ ከተማ እንጂ የሚኬድበት አልነበረም።

የቀሩት “ወንድም ሀገሮች” የሚባሉት ናቸው። ከ1972 ጀምሮ ምሥራቅ ጀርመናውያን ወደ ቼኮስሎቫኪያና ወደ ፖላንድ ያለ ቪዛ መግባት ቻሉ። የፖላንዱ በር ብዙ አልቆየም፤ በ1980 የሶሊዳሪቲ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ሲነሳ የበርሊን ባለሥልጣናት ተላላፊ በሽታ የገባ ያህል ደንግጠው ዘጉት። ሀንጋሪ ለመሄድ ደግሞ ለብቻው የይለፍ ወረቀት ማስጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ የሚመነዘረው ገንዘብም የተወሰነ ነው። ቢሆንም ይቻላል። ከሚቻለው ሁሉ ለምዕራቡ የሚቀርበው እሱ ነበርና በየክረምቱ ሰው ወደዚያው ይጎርፍ ነበር።

ለመሆኑ ኩዊንን በምን አወቁት? ምሥራቅ ጀርመን ከ1958 ጀምሮ የሚታወቅ ሕግ ነበራት፤ በሕዝብ ፊት ከሚሰማው ሙዚቃ 60 በመቶው ከሶሻሊስት ሀገሮች፣ ከምዕራብ የሚመጣው ከ40 በመቶ ያልበለጠ። ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፤ ጆሮ ግን ኬላ የለውም። ከምዕራብ በርሊንና ከሉክሰምበርግ የሚተላለፈው ሬዲዮ እቤት ድረስ ይገባል። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ በ1950ዎቹ ወጣቶች ከሆስፒታል የተጣለ የራጅ ፊልም ላይ ዘፈን እየቀረጹ እንደ ሸክላ ያጫውቱ ነበር። አስቡት፤ የሰው የጎድን አጥንት ምስል ላይ ጃዝ! ቴፕ ሲመጣ ሥራው ቀለለ። ካሴት ከካሴት እየገለበጡ ድምፁ እስኪጎረንን መስማት ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም።

ሙዚቃው ደረሰ እንግዲህ። ሰዎቹን በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1969 በምሥራቅ በርሊን የሆነውን ልንገራችሁ። ከምዕራብ በርሊን የሬዲዮ ጣቢያ የወጣ ቀልድ ነው አሉ፤ ሮሊንግ ስቶንስ ግንቡ አጠገብ ባለው የሽፕሪንገር ሕንፃ ጣሪያ ላይ ይጫወታሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ቀኑ ኦክቶበር 7 ነው፤ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት 20ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ዕለት። ወጣቱ ከምሥራቅ በኩል ጣሪያውን አንጋጦ ለማየት በሺዎች ወጣ። ስቶንስ የሉም፤ አልታሰበምም። ፖሊስ ግን ነበረ። ብዙዎቹ ተደበደቡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ። ለሌለ ኮንሰርት!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ቡዳፔስት “ከብረት መጋረጃ ጀርባ የመጀመሪያው የሮክ ኮንሰርት” ነው የሚል ጽሑፍ በየቦታው ታገኛላችሁ። አይደለም። ስቶንስ ራሳቸው በ1967 ዋርሶ ተጫውተዋል፤ ስታሊን ለፖላንድ በሰጠው የባህል ቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ። ትኬቱ ግን ብዙው የደረሰው ለባለሥልጣንና ለፓርቲ ሰው ልጆች ነበርና እውነተኛው አድናቂ ውጭ ቀርቶ ከፖሊስ ጋር ሲታገል አመሸ። ኤልተን ጆን በ1979 ሌኒንግራድና ሞስኮ ዘፍኗል። አይረን ሜደን በ1984 ፖላንድን ዞረዋል። ኩዊንም ራሱ በ1979 ዩጎዝላቪያ ሄዷል፤ እሷ ግን ከዋርሶ ቃል ኪዳን ውጭ ስለነበረች ለብቻዋ ትቆጠር። የቡዳፔስቱ ልዩነት ስፋቱ ነው። አዳራሽ አይደለም፤ ሜዳ ነው። የተመረጠ ሰው የሚቀመጥበት ሳይሆን ማንም ተጋፍቶ የሚቆምበት፣ ከጎረቤት ሀገር ባቡር የያዘም የሚደርስበት።

ሀንጋሪ ለምን ፈቀደች? ለሙዚቃ ፍቅር ብላ አይደለም። ከ1956ቱ አመፅና ከሶቪየት ታንክ በኋላ ሥልጣን የያዘው ያኖሽ ካዳር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በስቅላትና በእስር ካሳለፈ በኋላ ከሕዝቡ ጋር ያልተጻፈ ውል ገባ ማለት ይቻላል፦ እናንተ ፖለቲካዬን አትንኩ፣ እኔም ኑሯችሁን አላጠብባችሁም። በ1968 ኢኮኖሚው ትንሽ ላላ ተደረገ። በ1982 ሀገሪቱ የዓለም የገንዘብ ድርጅት አባል ሆነች፤ ዕዳ ነበረባት፣ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። ለባህል ደግሞ ጊዮርጊ አትዜል ከሚባለው ሹም ጋር የተያያዘ ሦስት ሳጥን ነበራት፤ የሚደገፍ፣ የሚታገሥ፣ የሚከለከል። ሮክ ብዙ ጊዜ የሚኖረው መካከለኛው ሳጥን ውስጥ ነው። ኩዊን በተጫወተ በሁለት ሳምንቱ፣ ኦገስት 10 ቀን፣ እዚያው ቡዳፔስት አጠገብ የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር ተደረገ፤ ከብረት መጋረጃ ጀርባ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ያ ክረምት መንግሥት “ኑ፣ ገንዘባችሁንም ይዛችሁ ኑ” ያለበት ክረምት ነው።

ኩዊንስ? የኩዊን ጉዳይ እኛንም ይነካል። በ1984 ኦክቶበር ባንዱ ሰን ሲቲ ሄዶ ተጫወተ፤ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ “ነፃ ሀገር” ብላ ባበጀችው ቦፑታትስዋና ውስጥ። የተባበሩት መንግሥታት የባህል ማዕቀብ ጥሎ ሳለ ነው። ተወገዙ፤ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበርም ቀጣቸው። መወገዛቸው ሲያንሳቸው ነው ባይ ነኝ፤ በተለይ ዛንዚባር ተወልዶ፣ በ1964ቱ አብዮት ቤተሰቡ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ድምፃዊ ያለው ባንድ። ከዚያ ጁላይ 13 ቀን 1985 መጣ፤ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.። ላይቭ ኤድ። የ77ቱ ረሃብ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ሎንዶንና ፊላደልፊያ ላይ ያዘጋጁት ኮንሰርት። ኩዊን ዌምብሊ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ተጫወተ፤ ቀኑን የወሰደውም እሱ ነው ተባለ። የተሰላቸው ባንድ ነፍስ ዘራ፣ አዲስ ሥራ ቀረጸ፣ በቀጣዩ ክረምት አውሮፓን ሊዞር ተነሳ። ቡዳፔስት የዚያ ዙር አንዱ ማረፊያ ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱት። የእኛ ሰው ሲያልቅ የቆመ መድረክ አንድን ባንድ አነቃ፤ ያ ባንድ ከዓመት በኋላ ለድሬስደንና ለብራቲስላቫ ልጆች የማይደረስበትን ነገር በባቡር የሚደረስ አደረገላቸው። ይህን በምን ስሜት እንደምጽፈው አላውቅም። የታሪክ ትስስር ፍትሐዊ መሆን አለበት ያለን የለም።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ከበርሊን የሚነሳው ባቡር በድሬስደን አድርጎ፣ ፕራግን አልፎ፣ በብራቲስላቫ በኩል ቡዳፔስት ይገባል። ሁለት ድንበር፣ በእያንዳንዱ ድንበር የሁለቱም ሀገር ፍተሻ፦ ወረቀት፣ ቦርሳ፣ ገንዘብ። ከተፈቀደው በላይ ማርክ ይዞ መገኘት ያስጠይቃል። ሲመለሱም የምዕራብ መጽሔትና ሸክላ ይፈለጋል። ብዙው ወጣት ሆቴል አያስብም፤ ድንኳን ነው፣ ካልሆነም የጓደኛ ጓደኛ ቤት ወለል። ቡዳፔስት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሌላም ነገር ነበር። ምዕራብ ጀርመናዊው ቱሪስት በዶይቸ ማርኩ እንደ ጌታ ይስተናገዳል፤ ያንኑ ቋንቋ የሚናገረው ምሥራቅ ጀርመናዊ ግን በእጁ ያለው ገንዘብ ዋጋ የለውምና እንደ ድሃ ዘመድ ይታያል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጀርመን። ለብዙዎቹ ይህ ከየትኛውም ስብከት የበለጠ ዓይን ገላጭ የነበረ ይመስለኛል።

ከጓደኛ ጋር መሄድ የሚለውም ቀላል ነገር አልነበረም። ሽታዚ የሚባለው የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤት ዜጎቹን ሀንጋሪ ድረስ ተከትሎ የሚከታተል የራሱ ቡድን ነበረው። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ጉልበት ደግሞ ባለ ማዕረጉ መኮንን ሳይሆን ጆሮ ጠቢው ነው፤ የሥራ ባልደረባ፣ የክፍል ጓደኛ፣ አንዳንዴም ባል ወይም ሚስት። ስለዚህ አራት ሆኖ ድንኳን ተሸክሞ መውጣት ማለት ከአራቱ አንዱ ሲመለስ ሪፖርት ሊጽፍ እንደሚችል እያወቁ መሄድ ማለት ነው። በባቡር ውስጥ የሚቀለደውን ቀልድ፣ “እኔስ ወዲያ ማዶ በቀረሁ” የሚባለውን ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። በ1992 ፋይሉ ለባለቤቶቹ ሲከፈት ብዙ ሰው ሄዶ የራሱን አነበበ። የወዳጅን የእጅ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ያገኘም ነበረ። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ይህን እያወቁ መሄዳቸው ነው። ሰው ያለ ወዳጅ ዘፈን መስማት አይሆንለትም መሰለኝ።

ኩዊን ራሱ የመጣው ከቪየና በዳኑብ ወንዝ ላይ በጀልባ ነው። እነሱ ወንዙን እየተንሸራሸሩ የተሻገሩት ድንበር ለአድናቂው የሽቦ አጥር፣ የጥበቃ ማማና ዘብ ነበር። ያው ወንዝ፣ ያው ውኃ።

ማታውን ብዙ አልተርክላችሁም፤ ፊልሙ አለ። ያኖሽ ዦምቦያይ የሚባል የሀንጋሪ ዳይሬክተር ነው የቀረጸው፤ በቪዲዮ ሳይሆን እንደ ሲኒማ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ከደርዘን በላይ ካሜራ አሰልፎ። ስለዚህ ነው ዛሬም ሲታይ የትናንት የሚመስለው። አንዷን ቅጽበት ብቻ ላንሳ፤ መዳፉ ላይ የጻፈውን። ፍሬዲ የዘፈነው ሀንጋሪ ውስጥ ሕፃን አዋቂ የሚያውቀውን የሀገር ቤት ዜማ ነው፤ የፀደይን ነፋስ የሚያነሳውን። ብራያን ሜይ በጊታር አጅቦታል። ስታዲየሙ አገሳ። አሁን እስቲ ከዚያ ሕዝብ መካከል የቆመውን የድሬስደን ልጅ አስቡት። ሀንጋሪኛ አይገባውም፤ ለጀርመንኛም ለስላቭኛም ዘመድ ያልሆነ ቋንቋ ነው። የመጣው በእንግሊዝኛ የሚያውቀውን ለመስማት ነው። ለዚያች ደቂቃ በስታዲየሙ ውስጥ ባይተዋሩ እሱ ብቻ ነው፤ ከሎንዶን የመጣው ሰውዬ ግን የቤት ልጅ ሆኗል። ምዕራባዊ እንግዳ መጥቶ በአስተናጋጁ ቋንቋ መዝፈን እንደሚችል፣ ሰማይም እንደማይደፋ፣ ያየውን ይዞ ተመለሰ።

እቤቱ የጠበቀው ሌላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ዴቪድ ቦዊ፣ ዩሪትሚክስና ጄኔሲስ በምዕራብ በርሊን ራይኽስታግ ፊት ለፊት በተከታታይ ቀን ተጫወቱ፤ ግንቡ ሥር ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል ድምፁን ለመስማት የተሰበሰበው ወጣት በፖሊስ ዱላ ተበተነ፤ ግንቡ ይፍረስ እያለም ጮኸ። መንግሥት ተማረና በ1988 የራሱን እንግዶች ጠራ። ጁላይ 19 ቀን ብሩስ ስፕሪንግስቲን ምሥራቅ በርሊን ቫይሰንዜ ላይ ከ150,000 በላይ ለሚገመት ሕዝብ ተጫወተ፤ በጀርመንኛም ስለ መሰናክሎች አንድ ቀን መወገድ አጭር ንግግር አደረገ። ገመዱን ትንሽ ላላ አድርጎ መያዝ ይቻላል የሚለው ስሌት የሀንጋሪ ነበር፤ በርሊን ዘግይታ ቀዳችው።

ቦዊ በ2016 ሲሞት የጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግንቡን ለማፍረስ ስለረዳህ እናመሰግንሃለን የሚል መልእክት አወጣ። ጥሩ ሐዘን ነው፤ ታሪክ ግን አይደለም። ጊታር ግንብ አፍርሶ አያውቅም። ያፈረሰው የጎርባቾቭ ወታደር ላለመላክ መወሰን፣ የዕዳ ክምር፣ የፖላንድ ሠራተኛ፣ የላይፕሲሽ ሰልፈኛ ነው። ሆኖም ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ መንገድ ማወቅ።

በ1989 ሜይ ላይ ሀንጋሪ ወደ ኦስትሪያ ያለውን የሽቦ አጥሯን ማንሳት ጀመረች። ወሬውን የሰማው ምሥራቅ ጀርመናዊ ካርታ ፈልጎ አልነበረም የተነሳው። ባቡሩን ያውቀዋል፣ ድንኳን የሚተከልበትን ያውቃል፣ የይለፍ ወረቀቱ እንዴት እንደሚሞላ ያውቃል። ለሐይቅ ዳር ዕረፍትም ይሁን ለኮንሰርት ዓመታት የተመላለሰበት መንገድ ነው። ኦገስት 19 ቀን ሾፕሮን ከተማ አጠገብ “የፓን አውሮፓ ሽርሽር” በተባለ ዝግጅት ላይ ለጥቂት ሰዓት በተከፈተች በር 600 የሚያህሉ ሮጠው ኦስትሪያ ገቡ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ልጅ ያቀፉም ነበሩበት። ከዚያም ሴፕቴምበር 10 ለ11 አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሀንጋሪ ድንበሩን ለምሥራቅ ጀርመናውያን በይፋ ከፈተች። ቀኑን በእኛ ቁጠሩት፦ መስከረም 1 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ዕንቁጣጣሽ። በሺዎች የሚቆጠሩ ትራባንቶች ተሰልፈው አለፉ። የበርሊኑ ግንብ እስኪከፈት ገና ሁለት ወር ይቀር ነበር።

ከኩዊን ታዳሚዎች ስንቱ በእነዚያ መኪኖች ውስጥ እንደነበረ የቆጠረ የለም፤ የሚቆጠርም አይደለም። ፍሬዲ ከቡዳፔስት በኋላ ብዙ አልዘፈነም፤ ኦገስት 9 ቀን 1986 ኔብዎርዝ ላይ የተጫወተው ከባንዱ ጋር የመጨረሻው ሆነ፣ በ1991 ኖቬምበር አረፈ። ስታዲየሙም የለም። ኳስ የምትወዱ ታውቁት ይሆናል፤ በ1954 ሀንጋሪ እንግሊዝን 7 ለ 1 የቀጣችበት ሜዳ ነው። በኋላ በፑሽካሽ ስም ተሰየመ፣ ፈረሰ፣ በ2019 በቦታው አዲስ ተሠራ። ሮሊንግ ስቶንስ ደግሞ በ1990 ኦገስት ፕራግ ስትራሆቭ ስታዲየም ገቡ፤ ከ100,000 በላይ ሰው ጠበቃቸው፣ ፕሬዚዳንቱ ቫስላቭ ሃቬልም አድናቂያቸው ነበር። በዚያ ክረምት ከድሬስደን ፕራግ የሄደ ልጅ በኪሱ የያዘው ዶይቸ ማርክ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። በዚያ ዘመን ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ እዚያው ይማሩ ነበር፤ ቡዳፔስት፣ ፕራግ፣ ላይፕሲሽ፣ ድሬስደን። አንዳንዶቻችሁ ወይም ታላላቆቻችሁ ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ይሆናል። ያን ሐምሌ ስታዲየሙ ውስጥ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ወይም በዚያ ባቡር የተሳፈራችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ድንበር ላይ ፈታሹ የእናንተን ወረቀት ሲያይ ምን ይል ነበር?